ምርኮኛው ወንጌላዊ፦ የፍሬምናጦስ ሕይወትና ለእኛ የተወልን

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የምትኖሩ ወጣቶች፣ በትምህርት ቤት ወይም በሠፈር «ይሄ ሃይማኖታችሁ ከየት የመጣ ነው?» ተብላችሁ ሳትጠየቁ አልቀራችሁም። አንዳንዱ ለማወቅ ፈልጎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ «መጤ ነው» ለማለት። በእናንተ አካባቢ ቀኑ ራሱ በቅዱሳን ስም ይጠራል። ቀጠሮ «ለሚካኤል» ይባላል፤ ብድር «እስከ ማርያም» ይራዘማል፤ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የአዊ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰባሰቡ አገሩ ሁሉ ለማየት ይወጣል። እንዲህ ባለ አገር የሚያድግ ወንጌላዊ ወጣት ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። ወይ የጥንቱን ታሪክ ሁሉ «የእነርሱ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ ሥር እንደሌለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይኖራል።

ሁለቱም መንገዶች ስሕተት ናቸው። ይህን ለማየት ወንጌልን በአክሱም ቤተ መንግሥት የተከለውን ሰው ሕይወት አብረን እንመልከት። በግሪኮቹ ስሙ ፍሬምናጦስ ነው። የአገራችን ሰው ግን «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ብሎ ጠራው፤ ሰላም የሆነ አባት፣ ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው።

ታሪኩን የነገረን ማን ነው?

የፍሬምናጦስን ታሪክ በመጀመሪያ በጽሑፍ ያቆየልን ሩፊኖስ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ ነው። በ402 እ.ኤ.አ. አካባቢ በላቲን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጽፍ ይህን ምዕራፍ አስገባ። ወሬ ሰምቶ እንዳልጻፈው ራሱ ይነግረናል። የሰማው ከኤድስዮስ አፍ ነው፤ ኤድስዮስ ደግሞ ከፍሬምናጦስ ጋር የተማረከ፣ በኋላም በጢሮስ ከተማ ቄስ የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለው የዓይን ምስክር ቃል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታሪክ በስንክሳሯ ይዛ ሐምሌ 26 ቀን ታስበዋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ተነሣ። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ በምንላት አገር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆችን፣ ፍሬምናጦስንና ኤድስዮስን፣ እያስተማራቸው አብረውት ሄዱ። ሲመለሱ መርከቧ ውኃና ስንቅ ለመያዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቆመች። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሮም ሰው ሆኖ የተገኘ ሁሉ ጠላት ነው። ሜሮጵዮስንና መርከበኞቹን ሁሉ ገደሏቸው።

ልጆቹ ግን በመርከቧ ላይ አልነበሩም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች አዘኑላቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስለ አክሱም ክርስትና ስናስብ አእምሯችን ወደ ንጉሥና ወደ ሐውልት ይሮጣል። ጅማሬው ግን ዘመዱን በአንድ ቀን ያጣ፣ ቋንቋውን በማያውቅበት አገር የቀረ አንድ ልጅ ነው። «መጤ» የሚለው ቃል ለማንም የሚሆን ከሆነ፣ ለዚህ ልጅ ይሆናል።

በሰው ቤት ታማኝ መሆን

ንጉሡ ኤድስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስን አስተዋይ ሆኖ ስላገኘው የግምጃ ቤቱንና የጽሕፈቱን ሥራ ሰጠው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ነህምያ በሱሳ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ዮሴፍ በግብፅ ቤት በእጁ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባም የንግሥቲቱ ገንዘብ ሹም ነበር። (ይህ ጃንደረባ የመጣው የዛሬዪቱ ሱዳን ውስጥ ከነበረው ከመርዌ መንግሥት ነው፤ «ህንደኬ» የዚያ ንግሥት መጠሪያ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከአክሱም ጋር ስናቀላቅለው መጠንቀቅ አለብን።)

ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለቱን ነጻ አወጣቸው። መሄድ ይችሉ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ገና ሕፃን ስለነበር እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲያግዟት ለመነቻቸው። እነርሱም ቀሩ። ፍሬምናጦስ የታሰረበት ገመድ ከተፈታ በኋላ በፈቃዱ የቆየ ሰው ነው። ዘመዶቹ በተገደሉበት አገር፣ የገዳዮቹን አገር ወራሽ አሳደገ።

ሥልጣን በእጁ ሲገባ ምን አደረገ? ሩፊኖስ እንደጻፈው ለንግድ የመጡትን የሮም ሰዎች ጠየቀ፤ ከመካከላቸው ክርስቲያን የሆኑትን ፈለገ። ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም አሟላላቸው። ወታደር ልኮ ሕዝቡን አላስጠመቀም። አስቀድሞ የነበሩትን ጥቂት አማኞች ፈልጎ አሰባሰበ። የእነዚያን ነጋዴዎች ስም የጻፈልን የለም፤ ነገር ግን በአገራችን የመጀመሪያው የጸሎት ስብስብ ብለን ልንጠራው የምንችለው የእነርሱን ነው። በእናንተ ከተማ ያለችው አጥቢያ ትንሽ ብትሆን፣ የአክሱምም እንዲሁ ጀመረች።

ሌላ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ

ወራሹ አድጎ ሥልጣኑን ሲረከብ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች አደራቸውን አስረክበው ወጡ። ኤድስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተቻኮለ፤ ይህን ማንም አይነቅፍበትም። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ። በዚያ ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ ነበር። አትናቴዎስ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ በዲያቆንነት የተገኘ፣ በ328 ደግሞ የተሾመ ነው። የጌታን መለኮትነት ደግፎ ብዙ ስደት የተቀበለ አባት እርሱ ነው። ዛሬ በእጃችን ያሉትን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት አንድም ሳይጎድል በደብዳቤ የዘረዘረውም እርሱ ነው፤ ይህም በ367 ነው።

ፍሬምናጦስ ያየውን ነገረው፦ በዚያ አገር አማኞች አሉ፣ እረኛ ግን የላቸውም፤ የሚገባ ሰው ፈልጋችሁ ላኩ። አትናቴዎስም ካህናቱን ሰብስቦ ነገሩን ከመዘነ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ከአንተ የተሻለ ከየት እናገኛለን ብሎ ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ላከው። ሌላ ሰው ሊጠይቅ ሄዶ ራሱ ተልኮ ተመለሰ። የሹመት ጥማት ያለበት አገልጋይ ይህን ቦታ ደጋግሞ ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ድንጋዩና ሳንቲሙ የሚመሰክሩት

በዚያ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ነበር። እርሱ ያሠራቸው ሳንቲሞችና የድንጋይ ጽሑፎች እስከ ዛሬ አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ይታያል፤ በኋለኞቹ ላይ ግን ቦታውን መስቀል ወሰደው። በቀድሞዎቹ ጽሑፎቹ ድሉን ለማሕረም ለተባለው ጣዖት ይሰጣል፤ በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ምስጋናው ለሰማይ ጌታ ነው፤ በግሪክኛ በተጻፈው ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙ የዓለም ነገሥታት መካከል ዒዛና ከመጀመሪያዎቹ ነው።

ነገር ግን እውነቱን በሙሉ እንናገር። ለሰማይ ጌታ ምስጋና የሚያቀርበው ያው ድንጋይ፣ ዒዛና ኖባ በተባለው ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻም ይተርካል። የተማረኩት 629፣ የተገደሉት 758 እንደሆኑ ቆጥሮ ይጽፋል። ከተገደሉት ውስጥ ሴቶችና ልጆች አሉ። በዚያው ድንጋይ ላይ ደግሞ ሕዝቡን በጽድቅ እንደሚገዛና እንደማይጨቁን ቃል ይገባል። መስቀሉ ሳንቲሙ ላይ በአንድ ቀን ሊታተም ይችላል፤ ልብ ላይ ለመታተም ግን ዘመን ይፈጃል። ይህን የምለው ዒዛናን ለማዋረድ አይደለም። ከሹም ጋር የሚመጣ ክርስትናና ከልብ የሚመጣ ክርስትና አንድ ቀን እንደማይጠናቀቁ እንድታዩ ነው። ዛሬም በአንገት ላይ ያለ መስቀልም ሆነ በመኪና መስታወት ላይ የተለጠፈ ጥቅስ ይህንኑ ያስታውሰናል።

የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ

ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም ከተመለሰ በኋላ የተፈተነበት አንድ ትልቅ ነገር በጽሑፍ ይገኛል። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ነበር። በ356 እ.ኤ.አ. አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደውና በቦታው ጊዮርጊስ የተባለ የራሱን ሰው አስቀመጠ። ቀጥሎም ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። (ብዙዎች እነዚህን ሁለቱን በትውፊት ከሚታወቁት ከአብርሃና ከአጽብሃ ጋር ያያይዟቸዋል።) የደብዳቤው መልእክት ግልጽ ነበር፦ ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ስለሆነ ትምህርቱ ያጠራጥራል፤ በአስቸኳይ ወደ እስክንድርያ ላኩትና በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስቀምጦት እስከ ዛሬ ይነበባል።

የዓለም ኃያል ንጉሥ የአንድን ጳጳስ ስም ጠርቶ «ላኩት» ሲል ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ እምነት ጸንታ ቆየች። ኢየሱስ ክርስቶስ ፍጡር እንዳልሆነ፣ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ እንደሆነ እኛም ዛሬ እናምናለን። በዚህ ነጥብ ላይ በእንጅባራ ያለ ወንጌላዊ ወጣትና ጎረቤቱ ያለ የኦርቶዶክስ ወጣት በአንድ ወገን ይቆማሉ። ስለ ምልጃ፣ ስለ ጽድቅ፣ ስለ ምስጢራት የምንለያይባቸው ነገሮች እውነተኛ ናቸው፤ አንሸፋፍናቸውም። የምንጋራው ግን ከምናስበው ይበዛል።

አገውና አክሱም

«ይህ ሁሉ የትግራይ ታሪክ ነው፤ እኛ አዊዎችን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፣ የአገው ስም ከአክሱም ታሪክ ጋር የተያያዘው ከክርስትና በፊት ነው። ከዒዛና በፊት የነበረ አንድ ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የግሪክኛ ጽሑፍ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ ተመራማሪዎች አገው ነው የሚሉትን ስም ይጠቅሳል። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ደርሶ የገለበጠው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ነው። ይኸው ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ ወደ ወርቅ አገር ነጋዴዎችን የሚልከው በአገው ገዥ በኩል እንደነበር ጽፏል፤ ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ሄደው ወርቅ ይዘው ይመለሱ ነበር።

በመጀመሪያ በድንጋይ ላይ «የገበሩ» ተብለው የተቆጠሩት፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ራሳቸው ነገሡ። የዛጉዌ ነገሥታት የአገው ወገን ናቸው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም የእነርሱ ዘመን ሥራ ናቸው። ወንጌል ለወራሪና ለተወረረ አይለይም። በባዕድ አፍ ተጀምሮ በአገሬው አፍ ይዘመራል።

ያስቀረልን ነገር

የፍሬምናጦስ ሥራ ፍሬ በሕንጻ ብቻ አይለካም። በዒዛና ዘመን ጽሑፎች ላይ የግዕዝ ፊደል ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች ለይቶ ሲጽፍ እናያለን፤ ዛሬ አማርኛውም፣ በአዊ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው አገውኛም የሚጻፉበት ፊደል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ ተተረጐመ። «ወንጌል» የሚለው ቃላችን ከግሪክ፣ «ሃይማኖት»፣ «ኦሪት» እና «ጣዖት» የሚሉት ደግሞ ከአራማይክ የመጡ ናቸው። ስንጸልይ ሳናውቀው የእነዚያን ዘመን ተርጓሚዎች ቃል እናወጣለን። (በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውንና «መተርጉም» የተባለውን ሌላውን አባ ሰላማ ከእርሱ ጋር እንዳታምታቱ።)

በሌላ በኩል የእስክንድርያ ትስስር ሸክምም ነበረው። ከፍሬምናጦስ በኋላ ለ1600 ዓመታት ያህል የአገራችን ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ ሲላክ ኖረ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. (በ1959 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተች።

የዚህ ሰው ዓይነት ታሪክ በእኛም ዘመን ተደግሟል። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ የኦሮሞ ልጅ ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከአስቴር ጋኖ እርዳታ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። አስቴርም እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣች ናት። የአማርኛውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በመጀመሪያ የተረጐመው አቡ ሩሚ ወይም አባ አብርሃም የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ፈጀበት፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሑድ እሑድ ይዛችሁት ለምትሄዱት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መንገዱን የጠረገው መነኩሴ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ «የእነርሱ» እና «የእኛ» ብሎ በቢላዋ መቁረጥ አይቻልም።

እንዴት እናስበው?

ለቅዱሳን አንጸልይም፤ አማላጃችን አንድ ክርስቶስ ነው ብለን እናምናለን። ዕብራውያን 13፥7 ግን የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን እንድናስብ፣ የኑሯቸውን ፍጻሜ አይተን እምነታቸውን እንድንመስል ያዘናል። ማሰብ ከእኛ የተወሰደብን ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ራሳችን የተውነው ነው።

ስናስበው ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ፍሬምናጦስን የዛሬ ወንጌላዊ አናስመስለው። እርሱ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመ ጳጳስ ነው፤ የዘመኑን ሥርዓት ይዞ ያመልክ ነበር። የራሳችንን ልብስ አልብሰን ብናቆመው እውነትን እንበድላለን። ሁለተኛው፣ በክርክር ላይ እንደ ዱላ አንጠቀምበት። «አባ ሰላማም መጤ ነበር» ብላችሁ ጎረቤታችሁን ዝም ለማሰኘት ከቸኮላችሁ፣ ከእርሱ ምንም አልተማራችሁም። እርሱ ወገኖቹን የገደሉበትን ሰዎች ልጅ ያሳደገ ሰው ነው።

ስለዚህ «ሃይማኖታችሁ ከየት መጣ?» ስትባሉ አትቆጡ፤ አትሸማቀቁም። ከኢየሩሳሌም መጣ በሉ። ወደ አገራችን የገባው በምርኮኛ ልጅ፣ ስማቸው ባልተጻፈ ነጋዴዎች፣ በተርጓሚ መነኮሳትና ከባርነት በወጡ ወጣቶች እጅ ነው። ለእነዚያ ሁሉ ክብር እንሰጣለን በሉ። ከዚያም ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ፍሬምናጦስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ለብዙ ዓመታት የሰው ሒሳብ በታማኝነት የያዘ ጸሐፊ ነበር። እናንተም በባንክ፣ በሱቅ፣ በክፍል፣ በእርሻ ላይ ያለው እጃችሁ ንጹሕ ከሆነ፣ ቃላችሁ የሚሰማበት ቀን ይመጣል።

በቡድን ለመወያየት

1. ፍሬምናጦስ ነጻ ከወጣ በኋላ መቆየቱን፣ ኤድስዮስ ደግሞ ወደ ወላጆቹ መመለሱን እንዴት ታዩታላችሁ? ሁለቱም እግዚአብሔርን አገልግለዋል ማለት ይቻላል?

2. በዒዛና ድንጋይ ላይ ምስጋናና የሙታን ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በእኛ ሕይወት ጎን ለጎን የተጻፉ የማይስማሙ ነገሮች ምንድን ናቸው?

3. በዚህ ሳምንት ከአንድ የኦርቶዶክስ ጓደኛችሁ ወይም ዘመዳችሁ ጋር ስለ አባ ሰላማ ተነጋገሩ። ለመከራከር ሳይሆን እርሱ ወይም እርሷ ስለ እኚህ አባት የሚያውቁትን ለመስማት ይሁን። የሰማችሁትን በሚቀጥለው ስብሰባ አካፍሉ።